ብሬካችሁ 8 ላይ ለቆመባችሁ፦ ስቴካን ማቅናትና ነጯን ማቅረብ

ድሬዳዋ ፑል ቤት ውስጥ ያደገ ሰው የስኑከር ጠረጴዛ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ርዝመቱ ነው። መጫወቻው 3 ሜትር ከ57 ሳንቲ ይረዝማል፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ78 ነው። ኳሶቹ ደግሞ ያንሳሉ፤ የፑል ኳስ ወደ 57 ሚሊ ሜትር ሲሆን የስኑከር 52.5 ነው። የቀዳዳው አፍ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ስለሆነ ፑል ላይ ጎማውን (ኳስ የሚነጥርበትን የጠረጴዛ ጠርዝ) ታክኮ የሚገባ ኳስ እዚህ ተንቀጥቅጦ ይወጣል።

እኔ ሰፈሬ ውስጥ «እሱን ማን ይችለዋል» የምባል ልጅ ነበርኩ። ትልቁ ጠረጴዛ ላይ የተጫወትኩ ቀን ግን ሰዓት ሙሉ ታግዬ ትልቁ ብሬኬ 8 ሆነ። አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር፣ አለቀ። ሒሳቡንም እኔው ከፈልኩ፤ እንደምታውቁት ተሸናፊ ነው የሚከፍለው።

ለማያውቁት፣ ስቴካ መምቻው ዘንግ ነው፣ ነጯ በስቴካ የምትመታዋ ኳስ ናት፣ ብሬክ ማለት ደግሞ በአንድ ተራ ሳትስቱ የምትሰበስቡት ነጥብ ነው። ቀይ 1፣ ቢጫ 2፣ አረንጓዴ 3፣ ቡናማ 4፣ ሰማያዊ 5፣ ሮዝ 6፣ ጥቁር 7። አንድ ቀይ፣ አንድ ባለቀለም፣ እንደገና ቀይ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ቀዮቹ እስኪያልቁ ድረስ ባለቀለሙ ወደ ቦታው ይመለሳል። 15ቱን ቀይ ሁሉ ከጥቁር ጋር የጨረሰ 120 ያገኛል፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ባለቀለሞች 27 ይጨምሩለትና 147 ይሞላል። እኛ ግን የምናወራው ብሬክን ከ8 ወደ 30 ስለማድረስ ነው።

1. ስቴካውን ምረጡ

ረጅም አላወራበትም። መሬት ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት፤ ጫፉ እየዘለለ ከሆነ ጎብጧል፣ መልሱት። ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ወርዱ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ይሁን። የፑሉ ወፍራም ስለሆነ ትንሿን ኳስ ስትመቱበት የት እንደነካችሁ አይታወቃችሁም። ከዚያ በኋላ አንዱን ያዙና አትቀይሩ። በየሳምንቱ ስቴካ የሚቀይር ሰው ጥፋቱን የሚጥልበት ዕቃ እየፈለገ ነው።

ደግሞ ከሙቀት አርቁት። ተጠራቅሞ የተገዛ ስቴካዬን ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ትቼ ለሁለት ሳምንት ወደ ሐረር ሄድኩ። ስመለስ እንደ ደጋን ጎብጦ ጠበቀኝ። የድሬ ፀሐይ እንጨት አትምርም። አጋድማችሁ፣ ጥላ ውስጥ፣ አልጋ ሥር አስቀምጡት።

2 እና 3. አቋቋምና የፊት እጅ

ኳሱን የምትልኩበትን መስመር መጀመሪያ ቆማችሁ እዩ፤ ከዚያ በዚያው መስመር ላይ ወደ ታች ውረዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ በኋላ ማነጣጠር ሲጀምር ነው። ቀኝ እጅ ከሆናችሁ ቀኝ እግራችሁ መስመሩ ላይ ይሁን፣ ግራው ወደ ጎን ወጣ ብሎ ጉልበቱ ይታጠፍ። ስቴካው አገጫችሁንና ደረታችሁን ይንካ። የፊት እጅ ጣቶች ጨርቁን ይያዙ እንጂ አይንሳፈፉ። በቃ።

ላብ ለሚያስቸግራችሁ (ድሬ ላይ ማንን አያስቸግርም?) ዱቄት አትቀቡ፤ ጨርቁንም ኳሶቹንም ያቆሽሻል። የቆሸሸ ኳስ ደግሞ ሲነካካ ነጥሮ ከመንገዱ ይወጣል። ደረቅ ፎጣ ኪሳችሁ ይኑር፣ በየምቱ መሐል ስቴካውን ጥረጉበት።

4. የኋላ እጅ

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኼ ነው፤ ወራት የበላኝም ይኼ ነው።

ችግሬ እንዲህ ነበር። ቀጥ ያለ ረጅም ኳስ እስታለሁ፣ ሁልጊዜም በአንድ በኩል። አቋቋሜ መሰለኝና እግሬን ቀየርኩ። ዓይኔ መሰለኝና አንገቴን አዘነበልኩ። ሦስት ወር ሙሉ የማላጠፋውን ሳስተካክል ቆየሁ። ለካ ነጯን መሐል ላይ መትቻት አላውቅም ኖሯል፤ ፀጉር በምታህል ቀኝ ጎኗን እየነካሁ፣ ሳላውቅ እያሽከረከርኳት ነበር።

ይህንን በራሳችሁ ላይ ለማጣራት ነጯን ቡናማው ኳስ በሚቀመጥበት ነጥብ ላይ አድርጉ። ከሰማያዊው፣ ከሮዙና ከጥቁሩ ነጥቦች በላይ እንድታልፍ አድርጋችሁ ወደ ላይኛው ጎማ ምቷት፣ ስቴካችሁንም ከመታችሁበት አታንሱት። ከቡናማው እስከ ጎማው 2 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከአምስት ሜትር ተኩል ያልፋል። በዚያ ርቀት ትንሿ ጥፋት ትታያለች። ነጯ ተመልሳ የስቴካችሁን ጫፍ መንካት አለባት።

ካልነካች የሳተችው በየትኛው ጉዞ እንደሆነ ለዩ። ስትሄድ ነጥቦቹን ተከትላ፣ ከጎማው ስትመለስ ብቻ ወደ ቀኝ ከሸሸች ቀኝ ጎኗን መትታችኋታል። ገና ስትሄድ ከነጥቦቹ ከወጣች ግን ጥፋቱ የማነጣጠር ነው፤ ያኔ ወደ እግራችሁና ወደ ዓይናችሁ ተመለሱ። እኔ እነዚህን ሁለቱን ባለመለየቴ ነው ሦስት ወር የከሰርኩት።

ትልቅ ጠረጴዛ የማታገኙ ከሆነ የፑል ኳስ እንዲያውም የተሻለ ይናገራል። ከ9 እስከ 15 ካሉት፣ ቀለም እንደ መቀነት ከታጠቁት አንዱን በነጯ ቦታ አስቀምጡ። መቀነቱ እንደ መኪና ጎማ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የምትልኩበትንም መስመር ይከተል። መሐሉን ከመታችሁት መቀነቱ ሳይወላገድ ይንከባለላል። ጎን ከነካችሁት እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ልመና አይሰማም፣ አይዋሽም።

ታዲያ ጥፋቱ ከየት ይመጣል? እኔ ያወቅኩት በሰው ነው። እኛ የምንጫወትበት ቤት የሚመጡ፣ ባቡር ሥራ ላይ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። ሲጫወቱ ብዙ አላየኋቸውም፤ ሻይ እየጠጡ ያያሉ። አንድ ቀን ከኋላዬ መጥተው ሁለት ጣታቸውን የቀኝ እጄ ጀርባ ላይ አሳረፉና «ምታ» አሉኝ። መታሁ።

«አቦ፣ ለምን ትጨብጠዋለህ?»

«አልጨበጥኩም፣ ጋሼ።»

«ስታወዛውዘው አልጨበጥክም። ልትመታ ስትል ነው የምትጨብጠው። ሊያመልጥህ ነው እንዴ? የት ይሄዳል፣ ስቴካ ነው።»

ልክ ነበሩ። መጨረሻዋ ቅጽበት ላይ አውራ ጣቴ ይጠብቃል፤ እሱ ሲጠብቅ አንጓዬ ይዞራል፤ አንጓ ሲዞር ጫፉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እግሬን ሺህ ጊዜ ብቀይር ይኼ አይስተካከልም ነበር።

መድኃኒቱ ስቴካውን ጫጩት እንደያዛችሁ መያዝ ነው፤ ካጠበቃችኋት ትሞታለች፣ ከለቀቃችኋት ታመልጣለች። ሥራውን የሚሠሩት የአውራ ጣትና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቶች ናቸው፤ ሌሎቹ ወደ ኋላ ስትስቡ ይከፈታሉ፣ ወደ ፊት ስትመጡ ራሳቸው ይዘጋሉ። የሚንቀሳቀሰው ከክርን በታች ያለው ክንድ ብቻ ነው። ትከሻችሁ ከተንቀሳቀሰ ኃይል አብዝታችኋል።

ሁለተኛው ነገር ኋላ ላይ መቆም ነው። ስቴካውን ስትስቡ በዝግታ ሳቡ፣ ኋላ ሲደርስ ለአፍታ አቁሙት፣ ዓይናችሁን ከነጯ ወደምታስገቡት ኳስ አሳልፉ፣ ከዚያ ምቱ። ሳይቆም የሚመታ እጅ ስህተቱን የሚያርምበት ጊዜ የለውም። ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚያዩት የስኑከር ተጫዋቹ ሮኒ ኦሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1997 147ቱን ከአምስት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ የጨረሰበትን ነው፤ ከዚያ መጥተው ሲሮጡ ነጯን ከጠረጴዛ ያወጣሉ። እኔ ለመማር የምመክረው ስቲቭ ዴቪስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው ሲጫወት ሊያሰለች ይችላል፤ ክንዱ ግን እንደ ልብስ ስፌት መኪና አንድ ዓይነት ነው።

ቤት ውስጥ ለመለማመድ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙና ስቴካውን በአፉ ቀዳዳ አስገቡ አስወጡ። ጠርዙን ስትነኩት ፕላስቲኩ ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። የብርጭቆ ጠርሙስ የሚያዙ አሉ፤ አልወደውም፣ ክብደቱ ጥፋታችሁን ይሸፍንላችኋል። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። መብራት በጠፋ ቀንም በሻማ ይሠራል።

5. ነጯን ማቆም

ብሬክ የሚያድገው ኳስ በማስገባት ብቻ አይደለም፣ ነጯን ለቀጣዩ በማቅረብ ነው። ለዚህ አንድ ነገር ይግባችሁ። ነጯ ሌላውን ኳስ ስትነካ እየተንከባለለች ከሆነ ወደ ፊት ትቀጥላለች፤ ሳትንከባለል እየተንሸራተተች ከደረሰች ግን ቀጥታ ኳስ ላይ ባለችበት ትቆማለች፣ ማዕዘን ያለው ኳስ ላይ ደግሞ የተመታው ኳስ ከሄደበት በ90 ዲግሪ ትወጣለች። ይህን 90 ዲግሪ ያወቀ ሰው ነጯ የት እንደምትደርስ አስቀድሞ ያያል።

ለማንሸራተት ከመሐል ዝቅ አድርጋችሁ ምቱ። ኳሱ በራቀ ቁጥር የበለጠ ዝቅ በሉ ወይም ኃይል ጨምሩ፤ ጨርቁ በመንገድ ላይ ሽክርክሪቷን እየበላ ወደ መንከባለል ይለውጣታልና። ያረጀና አቧራ የጠጣ ጨርቅ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በአንዱ ቤት የለመዳችሁት ኃይል በሌላው ላይሠራ ይችላል፤ ጌም ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት አራት ኳስ ሞክሩ።

ጎን መምታትን ለጊዜው እርሱት። ቀጥ ብሎ መምታት ያልቻለ እጅ አውቆ ጎን ሲመታ ሁለት ስህተት ይደራርባል።

6. ከ8 ወደ 30

ጥቁሩን ቦታው ላይ አድርጉ፣ ሦስት ቀይ በዙሪያው በትኑ፣ ነጯን በእጃችሁ የፈለጋችሁበት አስቀምጡ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፤ 24 ነው። ነጯ ጎማ ከነካች እንደ ፋውል ቁጠሩትና እንደገና ጀምሩ። ይኼ ሕግ መጀመሪያ ያናድዳል፤ ግን ትንሽ ኃይል መጠቀምን የሚያስተምር ሌላ ነገር አላገኘሁም። ሦስቱን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስትጨርሱ አራተኛ ቀይ ጨምሩ፣ 32 ሆነ ማለት ነው። በፑል ጠረጴዛም ይሆናል፤ 8 ቁጥሩን ጥቁር አድርጉትና በገባ ቁጥር ቦታው መልሱት።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚወድቅበት ወጥመድ ቀጥ ያለ ኳስ ነው። ጀማሪ ነጯንና ጥቁሩን ከቀዳዳው ጋር በአንድ መስመር ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ይገባል፣ አዎ፤ ነጯ ግን ከዚያ መስመር አትወጣም፣ ወደ ቀጣዩ ቀይ የሚወስዳት ማዕዘን የለም። ስለዚህ ለጥቁር ስትመጡ ሆን ብላችሁ ትንሽ ጎደሎ ማዕዘን ተዉ። ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ኳስ አስቡ፤ ይኼኛው፣ ቀጣዩና ከቀጣዩ በኋላ ያለው። ሦስተኛውን ካላወቃችሁ ሁለተኛው ላይ በየት በኩል መቆም እንዳለባችሁ አታውቁም።

ጥቁር ካልተመቸ ሰማያዊን አትናቁ። ጠረጴዛው መሐል ላይ ስለሆነ ከሁሉም አቅጣጫ ይገኛል። አምስት ቀይ ከአምስት ሰማያዊ ጋር ልክ 30 ነው።

ለልምምድ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሂዱ። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ቤቱም ባዶ ነው። ከቀትር በኋላ ሰው ይሞላል፣ ብቻችሁን የምትለማመዱትን «ዋሪያ፣ ጌም አስይዝ!» ይሏችኋል፤ ካስያዛችሁ ደግሞ ሒሳብ ላለመክፈል ስትሉ ወደ ድሮው አመታታችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ ተመልሻለሁ።

7. ደብተር

ብሬካችሁ ባለቀ ቁጥር ነጥቡንና ያለቀበትን ምክንያት በአንድ ፊደል ጻፉ። እኔ «ሳ» ሳትኩ፣ «ራ» ነጯ ራቀች፣ «ተ» ቀጣዩ ኳስ ተሸፈነ እያልኩ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ወር ላይ እጄ ሳች መስሎኝ ነበር፤ ገጹ ግን በ«ራ» ተሞልቷል። ስለዚህ የልምምዴን ግማሽ ከላይ ወዳለው የጎማ አትንኩ ጨዋታ አዞርኩት።

እስካሁን ትልቁ 41 ነው። አምስት ቀይ ከአምስት ጥቁር ጋር፣ ከዚያ አንድ ቀይ። ቀጣዩ ሰማያዊ ነበር፣ ወደ መሐለኛው ቀዳዳ፣ ሕፃን የሚያስገባው። ደብተሩ ላይ ከ41 ጎን ያለችው ፊደል «ሳ» ናት፤ ኳሱ ሳይገባ ቀና ብዬ ማን እንዳየኝ እያየሁ ነበር።