ከዋንዛ በተቀረጸ ቁራ ላይ ዓይንና ላባ እንዴት ይሳላል?

መሮና ቢላዋ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ቁራው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ የቀረው ዓይኑ ብቻ ሲሆን እጅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሦስት ሳምንት የተለፋበት እንጨት በአንዲት ነጥብ ሊበላሽ ይችላልና። እኔም ለብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም። ጥፋቱ የብሩሹና ብሩሹ የያዘው ቀለም ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

ለምሳሌ የመረጥኩት ባለ ወፍራም ምንቃሩን ቁራችንን ነው። በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች ብቻ የሚኖር ወፍ ነው፤ መላ አካሉ ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ የምንቃሩ ጫፍም ነጭ። ጥቁር ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጥቁር ላይ ጥቃቅን ነገር ማውጣት ከሁሉ ይከብዳል። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ በሌላ እንጨትም ቢሆን አሠራሩ ያው ነው።

እንጨቱ በደንብ መድረቁን ያረጋግጡ። በ220፣ ቀጥሎ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱትና አቧራውን ይጥረጉ።

ቀጣዩን ግን አይዝለሉት። የመጀመሪያ ቁራዬን ስሠራ ቸኩዬ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ሳልኩ። የዓይኑን ዙሪያ በቀጭን ጥቁር መስመር እንደከበብኩት ቀለሙ የእንጨቱን ጭረት እየተከተለ ወደ ታች ሄደ፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ወፉ እንባ የሚያፈስ መሰለ። በጨርቅ ስጠርገው ይበልጥ ጠለቀ። ጭንቅላቱን በሙሉ እንደገና መፋቅ ነበረብኝ፤ ከዓይኑ በላይ በጥንቃቄ ያወጣሁት ስስ ቅርጽም አብሮ ተፋቀ። እንጨት ቀለም ይጠጣል፤ በተለይ ጭረቱ በአግድም በተቆረጠበት በኩል።

ስለዚህ ሁለት ስስ ሽፋን የሠዓሊ ጄሶ፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን ነጭ ፈሳሽ፣ ይቀቡት፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡ። ወፍራም ከሆነ በቢላዋ ያወጡትን ላባ ይደፍነዋል። ለግንባታ የሚሸጠውን የጄሶ ዱቄት በውኃ በጥብጦ መቀባት የሚሞክሩ አሉ፤ ይፈረፈራል፣ አይሞክሩት። ዘዴው ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን የእመቤታችንን ሥዕል በእንጨት ገበታ ላይ ሲሥል ገበታው አስቀድሞ በነጭ ጄሶ ይለበጥ ነበር። እንደዚያ ያለ የጣትና የልብስ መስመር ባልተሸፈነ እንጨት ላይ አይወጣም።

ጄሶው ሲደርቅ መላ አካሉን በመደብ ቀለም ይሸፍኑ። ጥቁሩን ብቻውን አይጠቀሙ፤ ጥቂት ሰማያዊና ቡናማ ይጨምሩበት። አለበለዚያ በኋላ ለጥላ የሚሆን ከእርሱ የጠቆረ ቀለም አይኖርዎትም።

አሁን ብሩሹ። ለጥቃቅን ሥራ ከሁሉ ትንሹን መግዛት የሚገባ ይመስላል፤ እኔም ቁጥር 000 ስፈልግ ብዙ ገንዘብ አባክኛለሁ። ያ ብሩሽ ጸጉሩ ጥቂት ስለሆነ የሚይዘው ቀለም ከነጥብ አያልፍም፤ የምንሠራበት አክሪሊክ፣ በውኃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቃል። ከሳህኑ ተነስቶ ወፉ ጋ እስኪደርስ ጫፉ ላይ ይጋገራል። የሚያስፈልገው ሆዱ ሞላ ያለ፣ ጫፉ ግን እንደ መርፌ የሚሾል ክብ ብሩሽ ነው፤ ቁጥር 1 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ሆዱ ቀለሙን ያጠራቅማል፣ ጫፉ በጥቂት በጥቂቱ ያወርዳል።

ከሁሉ የሚሻለው ኮሊንስኪ የሚባለው ነው፤ ጸጉሩ የሚወሰደው በሳይቤሪያ ከሚኖር ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ጭራ ነው። ዋጋው ይወደዳል። ቢሆንም ስድስት በአንድ የታሸጉ ርካሽ ብሩሾችን ከመግዛት አንድ እንዲህ ያለ መግዛት ይሻላል ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የእኔ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሲገዙ ሻጩን ውኃ ይጠይቁ። ብሩሹን ነክረው አንድ ጊዜ ያራግፉት፤ ጸጉሩ በራሱ ተሰብስቦ አንድ ጫፍ ከሠራ ጥሩ ነው፤ ለሁለት ከተከፈለ ይመልሱለት። ለመደብ ቀለም፣ ለመቀላቀልና ለቫርኒሽ ሰው ሠራሹ ብሩሽ ይበቃል፤ ጥሩውን በዚህ አይጉዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለሙን ሲያቀጥን ነው። ከቱቦው እንደወጣ ለመስመር አይሆንም። ውኃ በብሩሽ ጫፍ ጠብ እያደረጉ ይቀላቅሉ፤ ውፍረቱ እንደ ወተት ሲሆን ያቁሙ። ከዚያ ብሩሹን እስከ ጸጉሩ ግማሽ ብቻ ይንከሩ። ቀለሙ ጸጉሩን እስከያዘው ብረት ከደረሰ እዚያ ይደርቅና ጸጉሩን ከሥሩ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በኋላ ጫፉ አይመለስም። የተነከረውን ብሩሽ በወረቀት ላይ በዝግታ እያሽከረከሩ አንድ ጊዜ ይጎትቱት፤ ትርፉን ወረቀቱ ይጠጣዋል፣ ጫፉም ይሾላል።

ወፉን ከመንካትዎ በፊት በአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ አንድ መስመር ይሳሉ። ጥፍር እንደ ጄሶው ለስላሳ ስለሆነ እውነቱን ይናገራል። መስመሩ ከተቆራረጠ ቀለሙ ወፍሯል፤ ጠርዙ ከተስፋፋ ውኃ በዝቷል ወይም ወረቀቱ ላይ በደንብ አላራገፉትም። እኔ ዛሬም ቢሆን ከእያንዳንዱ ንክር በኋላ ይህን አደርጋለሁ፤ ዓይን በምሠራበት ቀን ጥፍሬ ጥቁር ሆኖ ነው የምውለው። በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ሲደርቅ፣ ቀለሙ ሳህኑ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይወፍራል። ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አንጥፈው፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ዘርግተው ቀለሙን እዚያ ላይ ቢያደርጉት ለሰዓታት ይቆያል።

ለእጅዎ ድጋፍ ይስጡ። ቁራውን ከሥሩ በሚስማር ከአንድ ቁራጭ እንጨት ጋር አያይዘው በግራ እጅ ይያዙት፣ ሁለቱንም ክርኖች ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ የሁለቱን እጆች ትናንሽ ጣቶች ያገናኙ። ያኔ እጅዎ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ወፉና ብሩሹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። መስመሩን ወደ ራስዎ ይጎትቱ እንጂ አይግፉ፤ አቅጣጫ ሲቀየር እጅዎን ሳይሆን ወፉን ያዙሩ።

ዓይኑን እንዲህ ይሥሩ። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ክብ፤ ሲደርቅ በመካከሉ ከርሱ የጠቆረ ብሌን፤ ከዚያ በዙሪያው ጸጉር የምታክል ግራጫ መስመር ለቆቡ። አንዱን ዓይን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ የግራውን ክብ ከሠሩ የቀኙን ክብ ይሥሩ፣ ከዚያ ብሌኖቹን። አለበለዚያ ሁለቱ አይመሳሰሉም። በመጨረሻ ከብሌኑ በላይ ወደ አንድ ጎን አንዲት ነጭ ነጥብ ይጣሉ። ነጥቧ ብርሃን ናት፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቀድመው ይወስኑና በሁለቱም ዓይኖች ላይ በዚያው አቅጣጫ ያድርጓት።

ለላባው ጥቁሩ ላይ ሰማያዊና ጥቂት ነጭ ጨምረው ሰማያዊ ግራጫ ያዘጋጁ። ከላባው ሥር ይጀምሩና ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ብሩሹን ቀስ ብለው ያንሱት፤ መስመሩ እየቀጠነ ይጠፋል። ሁሉንም ላባ አያስምሩ። ትከሻውና የክንፉ ጠርዝ ይበቃል፤ ሆዱን ጥቁር እንደሆነ ይተዉት። የማጅራቱ ነጭ ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ እንዳይሆን በአጫጭር ጭረቶች ወደ ጥቁሩ ይግባ።

ቢሳሳቱ ወዲያውኑ ንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ጫፍ ያስነኩት፤ ቀለሙን ይስበዋል። ከደረቀ አይፋቁት፤ በመደቡ ቀለም ይሸፍኑና እንደገና ይሥሩ።

በየጊዜው ብሩሹን ያለቅልቁት፤ ብርጭቆ ውስጥ በጸጉሩ አቁመው ግን አይተዉት። አንድ ምሽት ስልክ ጠርቶኝ ትቼው ሄጄ ስመለስ ጫፉ ጎብጦ ነበር፤ አልተቃናም። ሲጨርሱ በለብታ ውኃና በሳሙና መዳፍዎ ላይ እያሹ ይጠቡት። የፈላ ውኃ ጸጉሩን የያዘውን ሙጫ ያላቅቀዋል። ጫፉን በጣትዎ አሹለው አጋድመው ያድርቁት።

ቁራውን አንድ ቀን ያቆዩት። ቫርኒሹ የማያብረቀርቅ ዓይነት ይሁን፤ መላ አካሉን ቀብተው ሲደርቅ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በሁለቱ ዓይኖች ላይ ብቻ ያድርጉ። አቧራ እንዳይነካው እስኪጠነክር ድረስ ሰፋ ያለ ሳህን ይድፉበት።