የነሐስ ማያያዣ ያለው የአልማዝ መሞረጃ ዲስክ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አልማዙን በክብደት በመቶ ማስላት። ዲስኩ ምድጃ ሳይገባ ሚዛን ላይ የሚበላሸው እዚህ ነው። ኮንሰንትሬሽን (የአልማዝ መጠን መለኪያ) 100 ማለት በ1 ሴንቲ ሜትር ኩብ 4.4 ካራት ወይም 0.88 ግራም አልማዝ፣ ማለትም የይዘቱ (የቮልዩሙ) 25 በመቶ ነው። ይህን 25 በክብደት የመዘነ ሰው አልማዙ የይዘቱን 45 በመቶ ገደማ ይይዝበታል፤ አልማዝ 3.5፣ ነሐስ 8.7 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነውና። የተረፈው ነሐስ ያን ሁሉ ቅንጣት አቅፎ መያዝ አይችልም፤ አልማዝና ነሐስ የያዘው የዲስኩ ቀለበት ሥራ ላይ ይፈረካከሳል። ለ10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቀለበት በኮንሰንትሬሽን 75 የሚያስፈልገው 6.6 ግራም አልማዝና 71 ግራም ገደማ ነሐስ ነው።

ድብልቁን በደረቁ ማማታት። ቀላሉ አልማዝ ከከባዱ ዱቄት ይለያል። አስቀድመው በጥቂት ጠብታ ፓራፊን ዘይት ያርጥቡት። የብረት ኳስ አይጨምሩ፤ አልማዙን ይሰባብራል። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከገባ በኋላም አያንቀጥቅጡት፣ ላዩን በጠፍጣፋ ነገር ብቻ ያስተካክሉ።

ገና ከጅምሩ ሙሉ ግፊት መስጠት። መዳብና ቆርቆሮ የየራሳቸው ዱቄት ሆነው (80 ለ20) ሲደባለቁ ቆርቆሮው በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ድብልቁን እያሞቀ የሚጫነው ፕሬስ ያን ጊዜ ከተጫነው በክፍተቱ በኩል እንደ ላብ ጠብ ጠብ ይላል፤ ውስጥ የሚቀረው መዳብ የበዛበት ለስላሳ ማያያዣ ነው። ቆርቆሮው መዳቡ ውስጥ እስኪሰርግ ግፊቱን ቀላል፣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ። አስቀድሞ የተቀላቀለ የነሐስ ዱቄት መጠቀም ደግሞ ከዚህ ጣጣ ይገላግላል፤ እኛ የምንመክረውም ይህን ነው።

«ሙቀት ሲበዛ ይጠነክራል» ብሎ ማሰብ። የ80 ለ20 ነሐስ በ798 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። አልማዝ ራሱ አየር ባለበት ከ700 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይቃጠላል፤ ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል ደግሞ ወደ ግራፋይት መለወጡን ያፋጥናሉ። ናሙና ሰብረው ይዩ፦ ቅንጣቱ ብርሃኑ ጠፍቶ ከጠቆረ ሙቀቱ አልፏል። ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያ ሽቦውን) ከቅርጽ ማውጫው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ወደ ቀለበቱ ተጠግቶ በተበሳ ቀዳዳ ያስገቡ።

የቆየና የኦክሳይድ ሽፋን የያዘ ዱቄት አይጣበቅም። ዚንክ ስቴሬት (ማለስለሻ ዱቄት) የተጨመረበትም ካልተነነ ያቆረፍዳል።

ከፕሬስ እንደወጣ ሥራ ላይ ማዋል። ላዩ ላይ የሚታየው ነሐስ ብቻ ስለሆነ ዲስኩ ሳይቆርጥ ይግላል። በውኃ በራሰ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዘንግ ነሐሱን ይሸርሽሩ፤ ጣት ሲዳስሰው ሻካራ ሲሆን አልማዙ ብቅ ብሏል።