የሊምፍ ማሳጅ ስትሠሩ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል እብጠት የሚያቀልል የሊምፍ ማሳጅ እሠራለሁ። ሰሞኑን ለሥራው አዲስ የሆነች ልጅ እያለማመድኩ ነው። ባለፈው ሳምንት የደንበኛዋን ባት እንደ ሊጥ ስታቦካው አይቼ እጇን ቀማኋት። ይህን ስንት ሰው ላይ እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ኧረ በእናታችሁ አትጫኑ! እኛ አገር መታሸት ሲባል ወጌሻ ነው ትዝ የሚለን። ካላመመ አልሠራም እንላለን። ደንበኛዋ «ጠበቅ አርጊው እንጂ» ትላለች። ከአዘዞ የሚመጡ አንዲት እናትማ «ልጄ፣ ዛሬ እጅሽ ቁርስ አልበላም እንዴ?» ብለውኛል። ሊምፍ ግን ጡንቻ አይደለም። በሴሎች መካከል የሚጠራቀም ፈሳሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀበሉት ቀጫጭን ቧንቧዎችም ከቆዳ ሥር ወዲያው ነው ያሉት። ደምን ልብ ትገፋዋለች። ሊምፍ ልብ የለውም፤ የቧንቧው መኮማተር፣ የጡንቻ እንቅስቃሴና ትንፋሽ ናቸው የሚያስኬዱት። በኃይል ስትጫኑ ቧንቧውን ትደፍኑታላችሁ። ቆዳው ከቀላ አብዝታችሁታል። መዳፋችሁ ቆዳውን በቀስታ ይሳበው፣ ከዚያ ይልቀቀው። መልቀቁን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ቧንቧው የሚሞላው ደግሞ ያኔ ነው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ዘዴውን የቀመሩት ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደርም መሠረታቸው ይኸው ቀላል እጅ ነበር።

ዘይት አታንቆርቁሩ። እጅ ካንሸራተተ ቆዳ አይሳብም። እኔም ስጀምር የሰሊጥ ዘይት ስደፋ ነበር የምውለው። የጠገበው አንሶላው ነው።

ከእግር መጀመርም አለ። የሰውነት ሊምፍ ሁሉ መጨረሻው አንገት ሥር፣ አንገትንና ትከሻን ከሚያገናኘው ማጭድ አጥንት ኋላ ያሉት ደም መላሾች ናቸው። የጥምቀት ዕለት ጥምቀተ ባሕሩ በር ላይ ቆማችሁ ታውቁ የለ? ከፊት ያለው ሳያልፍ ከኋላ ቢገፉ ትርፉ መረጋገጥ ነው። ስለዚህ አንገትን አስቀድሙ። ለእግር ከሆነ ቀጥሎ ብሽሽት፣ ከዚያ ጭን፣ ባት የመጨረሻው ነው። እግር ላይ የእጃችሁ አቅጣጫ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው።

ጥፍራችሁን ቁረጡ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት ሴት እግሯ አብጦ መጣች። ቀልቷል፤ ስነካው ያተኩሳል። «ፈሳሽ ነው፣ ይወርድልሻል» ብዬ ሠራሁላት። በማግስቱ ትኩሳት ጣላትና ሆስፒታል ገባች፤ ኢንፌክሽን ነበር። ማሳጁ አመጣው አልልም፣ ግን ዞር ብዬ ወደ ሐኪም መላክ ነበረብኝ። የቀላና የሚያተኩስ እግር አትንኩ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ የሚያም ከሆነ ደግሞ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ተነስቶ ሳንባ ከደረሰ ሰው ይገድላል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከመጣም ያለ ሐኪም ፈቃድ እጃችሁን ሰብስቡ።

ዝሆኔን «በማሳጅ አድናለሁ» ብሎ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። በደጋው አገራችን ብዙው ዝሆኔ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም። እግሩ በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ከፍ ብሎ ማረፍና ጫማ ይፈልጋል። ለጡት ካንሰር የብብት የሊምፍ እጢ ወጥቶላቸው ክንዳቸው ለሚያብጥ ሴቶችም እንዲሁ ነው። ማሳጁ ሊረዳቸው ይችላል፣ ግን በፋሻ ወይም በሚያጠብቅ እጅጌ ካልተያዘ እብጠቱ ተመልሶ ይመጣል።

ሙሽሮችን አትዋሹ። ከሠርጉ በፊት የፊት እብጠት ይቀንሳል፣ ዓይን ሥር ያለው ቀለል ይላል፤ ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ቀን። ቦርጭ ግን አይጠፋም። ስብና ሊምፍ ለየቅል ናቸው። «መርዝ ያስወጣል» የምትሉትንም ለጉበትና ለኩላሊት ተዉላቸው።

የአዘዞዋ እናት ቅዳሜ መጥተው ነበር። አንገታቸው ላይ ሳለሁ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጨርሼ ስቀሰቅሳቸው ዓይናቸውን እያሹ፦ «በይ እንግዲህ ጀምሪ» አሉኝ።