ካላዬ ወደቀ ለምትሉ

ሐምሌ ሲገባ የካላ አበባ የተከሉ ሰዎች ስልኬን አያሳርፉትም። «ካላዬ ወደቀ፣ ምን ላድርግ?» ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ቅጠል ዛሬ ጠዋት መሬት ላይ ተዘርሯል። ሲያዩት ውሃ የጠማው ይመስላል። ባለቤቱም ሮጦ ውሃ ያጠጣዋል። እዚያ ላይ አለቀ።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ነጭ ነው ወይስ ባለቀለም? ነጩ ረጅም ካላ የደቡብ አፍሪካ ረግረግ ልጅ ነው። (ሳይንሳዊ ስሙ «ኤቲዮፒካ» ቢልም የእኛ አገር በቀል አይደለም። የድሮ አውሮፓውያን ከግብፅ ወዲያ ያለውን አፍሪካ በጅምላ እንዲያ ይሉት ነበር።) ውሃ የቆመበት ቦታ፣ የቦኖ ሥር ሁሉ ይስማማዋል። ቢጫው፣ ሮዙና ሐምራዊው ግን የሌሎች ዝርያዎች ድቅል ናቸው። ከአፈር በታች ድንች የመሰለ ነገር አላቸው፤ እኔም ድንች እለዋለሁ። በዓመት ሁለት ሦስት ወር ተኝተው ማረፍ ይፈልጋሉ። ውሃ ከተኛባቸው ይበሰብሳሉ። የሚደወልልኝ ሁሌም ለማለት ይቻላል ስለ ባለቀለሙ ነው።

ቅጠሉ ከሥሩ ላልቶ ከወደቀ

ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ያለ ትግል ከተነቀለና ጫፉ ከተዝለገለገ አሽትቱት። ክረምት ላይ የበሰበሰ ድንች ያለበት ጆንያ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። በሽታውም ያው ነው። ፔክቶባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ድንችና ካሮትንም የሚያበሰብሰው እሱ ነው። በቁስል ይገባል። እርጥብና ሞቅ ያለ አፈር ይመቸዋል። በረዶ የበሳው ቅጠል፣ በዶማ የተነካ ድንች፣ ሁሉም በሩ ነው።

ማንኮዜብ ገዝታችሁ አትርጩ። እሱ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያውን አይነካውም። አንድ ጎረቤቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ረጨ። በአራተኛው ቫዞውን ገልብጠን ስናየው የድንቹ ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። ውስጡ ሾርባ ሆኗል።

ቆፍራችሁ አውጡት። በጣት ሲጫኑት ጠንከር ካለና የላሸቀው ጥጉ ብቻ ከሆነ፣ ጤናማው እስኪታይ ድረስ ቁረጡ። በየቁርጡ መሃል ቢላዋውን በረኪና ውስጥ ንከሩ፤ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ። ይህቺን አትዝለሉ። በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞረው ቢላዋው ነው። ከዚያ ጥላ ላይ ሦስት አራት ቀን ይድረቅ። ወደ ድሮው አፈር አትመልሱት። ግማሹ ከላሸቀ ደግሞ ጣሉት። ኮምፖስት ውስጥም እንዳትጨምሩት። ስጦታ ቢሆንም ጣሉት።

ቀጥሎ ውሃው የት እንደተኛ ፈልጉ። ያለዚያ አዲሱም በዚያው ይሄዳል። ሲሚንቶ ቫዞ ሲገዙ ሥሩን የሚያይ ሰው የለም። ቀዳዳ የሌለው ቫዞ ባልዲ ነው። ቀዳዳ ያለውንም ሳሎን እንዳያቆሽሽ ብለው ሳህን ላይ ያስቀምጡታል፤ ሳህኑ ሞልቶ ይከርማል። ግቢያችሁ ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ። ትኩስ የከብት እበት እንዳትጨምሩ፣ አደራ!

አንድ ቤት አሥራ ሁለት ቫዞ ባለቀለም ካላ ነበር። ልጅቷ አሜሪካ ስትሄድ ዘበኛውን «ጋሼ፣ አበባዬን በየቀኑ ውሃ ያጠጡልኝ» ብላቸዋለች። ጋሼ ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም። ነሐሴ ላይ ዶፍ እየወረደ በአንድ እጃቸው ዣንጥላ፣ በሌላው ጆግ ይዘው ሲያጠጡ ደረስኩ። ከአሥራ ሁለቱ አንድም አልተረፈም። ባለቀለሙ ከሰኔ እስከ መስከረም ጣሪያ ክፈፍ ሥር ይቀመጥ፤ የሚጠጣውም ላዩ ሲደርቅ ብቻ ነው።

ስትገዙም ድንቹን በጣት ተጫኑት፤ ላሽቆ ከሆነ ተዉት። ሻጩ «እርጥበት ነው» ይላችኋል። ድንች በእርጥበት ብቻ አይላሽቅም፤ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው።

አበባው ካለቀ በኋላ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከደረቀ

ባለቀለሙ ከሆነ ሊተኛ ነው፣ አልታመመም። ውሃ ማጠጣት አቁሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሞተብኝ» ብሎ ያጥለቀልቀውና የምር ይገድለዋል።

ቅጠል ብቻ፣ አበባ የለም

ወይ ጥላ በዝቶበታል፣ ወይ ዩሪያ በትናችሁበታል። ዩሪያ ቅጠል ያወፍራል እንጂ አበባ አያመጣም። ግማሽ ቀን ፀሐይ ስጡት። ድንቹ ትንሽ ከሆነም ዓመት መታገስ ነው።

ሌላ ሌላው

ነጩ አበባ ሲያረጅ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጤና ነው። ጠዋት ከቅጠል ጫፍ ውሃ ቢንጠባጠብም ጤና ነው። ቅጠሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ከተጣመመ ቫይረስ ነው፤ ነቅላችሁ ጣሉ።

ካላ የጎደሬ ዘመድ ነው። ጥሬ ጎደሬ አፍና ጉሮሮ እንደሚያሳክከው፣ የዚህም ፈሳሽ ያቃጥላል። ሕፃን ወይም ውሻ ካለ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ዓይናችሁን በዚያ እጅ አትንኩ። እኔ ነክቼ አይቼዋለሁ።

ለጋሼ ዘንድሮ ነጩን ሰጠኋቸው፤ ቦኖው ሥር ተከሉት። ዣንጥላቸውን ይዘው ዛሬም በየቀኑ ያጠጡታል። ወገባቸው ደርሷል።