ብስክሌት ላይ ባለጌ የሚያሰኙ ስህተቶች

የብስክሌት ውድድር በቴሌቪዥን ላየ ሰው ሁሉም ለየራሱ የሚጋልብበት ትርምስ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቱር ደ ፍራንስ ከ170 በላይ ሰው በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየበረረ፣ ክርን ለክርን እየተነካካ ይሄዳል። የፊተኛው ንፋሱን ይሰብራል፣ የኋለኛው በእሱ ይጠለላል። በ2018 ይፋ የሆነ የአይንድሆቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት 121 ብስክሌተኛ ያለበትን ፔሎቶን (ተጠጋግቶ የሚጋልበውን ትልቁን ቡድን) በኮምፒውተርና በንፋስ ዋሻ ለክቶ ነበር። መሃል የተደበቀው ሰው የሚገጥመው የንፋስ ግፊት፣ በዚያው ፍጥነት ብቻውን ቢሄድ ከሚገጥመው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ተቀናቃኙ ራሱ የንፋስ መከላከያ ነው። እሱ ፊቱን ያዞረበት ሰው ብቻውን ቀረ ማለት ነው። በዚህ ስፖርት ስድብ ቶሎ ይረሳል። የማይረሳው፣ አንዱ ለወሰነው ነገር ሌላው በጉልበቱ ወይም በቆዳው ሲከፍል ነው። እዚህ የማነሳቸው ስህተቶች በሙሉ ከዚያ የሚመዘዙ ናቸው።

«እርስዎ ይቅደሙ» ማለት

እኛ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም» እየተባባልን ብንቆም የሚጎዳ ሰው የለም። በቡድን ሲጋለብ ግን ይሄ ጨዋነት ሰው ይጥላል። ሌላውን ለማሳለፍ ብሎ ፍሬን የነካ፣ ጓደኛውን ለመጠበቅ ፔዳል መምታቱን ድንገት ያቆመ ሰው ከኋላው ያለውን ሁሉ ያተራምሳል። ፊት ላይ ትንሽ ቀነስ የተደረገ ፍጥነት ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየባሰ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ምስኪን ሁለቱንም ፍሬን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል።

ቡድን ውስጥ ጨዋ የሚባለው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የሚታወቅ ሰው ነው። መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ሊቆም ሲል አስቀድሞ እጁን ያነሳል፣ ይናገራል፣ ወደ ዳር ይወጣል፣ ከዚያ ይቆማል።

የፊት ጎማን ከቀዳሚው የኋላ ጎማ ጎን አስገብቶ መሄድም የዚሁ ዘመድ ነው። ቀዳሚው ጠጠር ለመሸሽ አንድ ስንዝር ወደ ጎን ቢል ሁለቱ ጎማዎች ይነካካሉ። እሱ ትንሽ ተንገጫግጮ መንገዱን ይቀጥላል። ብስክሌት ሚዛኑን የሚጠብቀው በፊት ጎማው ስለሆነ፣ የሚወድቀው ሁሌም ለማለት ይቻላል የኋለኛው ነው። በእሱ ላይ ደግሞ ከኋላው ያሉት ይከመራሉ። አስቂኙ ነገር ወድቆ የሚጮኸውም ራሱ መሆኑ ነው።

ዳገት ላይ ከኮርቻ ብድግ ማለትም ጣጣ አለው። ሰውዬው ሲነሳ ብስክሌቱ ለቅጽበት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከኋላ ያለው ጎማ ላይም ይደርሳል። የለመዱት አንድ ማርሽ አክብደው፣ ፔዳሉን ረገጥ እያደረጉ ነው የሚነሱት።

ጉድጓድ አይቶ ዝም ማለት

ከፊት ያለ ሰው የቡድኑ ዓይን ነው። ከኋላ ያለው ከሰው ጀርባ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ አይቶ እሱ ብቻ እጥፍ ብሎ ማለፍ ለኋለኛው ወጥመድ ትቶ እንደመሄድ ነው። በእጅ ወደ መሬት መጠቆም፣ እጅ ከመሪው ላይ ማንሳት ካልተቻለ በድምፅ መናገር፣ የሰማም ለሚቀጥለው ማስተላለፍ አለበት። ግን ቅጠሉንም ድንጋዩንም እያዩ መጮህ ሌላ በሽታ ነው። እሱን የለመደ ቡድን እውነተኛው ጉድጓድ ሲመጣም አይሰማም።

እግረ መንገዴን፣ ፊት ያለው ሰው ክርኑን ወዝወዝ ሲያደርግ ጀማሪዎች «ዞር በል አለኝ» ብለው ይቀየማሉ። ያለው «ተራህ ደርሷል፣ እለፍና ጎትት» ነው፤ መጎተት ማለት ፊት ሆኖ ለሌሎቹ ንፋስ መስበር ነው። በፉክክር መሃል ወገብ ላይ ወይም ጀርባ ላይ መዳፍ ቢያርፍም መገፍተር አይደለም። «እዚህ ነኝ፣ አትጠጋብኝ» ለማለት ነው።

ተራ ሲደርስ መኩራት

ይሄ የጉልበተኞች ስህተት ነው። ቡድኑ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር እየሄደ ተራው ይደርሰዋል። ሊያሳይ ፈልጎ 42 ያደርገዋል። ገና ጎትቶ የተመለሰው ሰው ልቡ ጉሮሮው ላይ ሆኖ ወደ ሰልፉ ጭራ እየሄደ ነበር፤ አሁን ጭራው ጥሎት ይሄዳል። ሰልፉ ይበጠሳል፣ ሁሉም ይዳከማል፣ ባለ 42ቱም ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያለከልካል። የቡድን ጉልበት የሚታየው ረጅም በመጎተት እንጂ ፍጥነት በመጨመር አይደለም። የደከመው ደግሞ አጭር ጎትቶ ቢወርድ ማንም አይስቅበትም።

የዚህ ግልባጭ ተለጣፊው ነው። አንድም ጊዜ ንፋስ ሳይነካው 100 ኪሎ ሜትር ከሰው ጎማ ላይ ተለጥፎ ይመጣና፣ መጨረሻ 200 ሜትር ሲቀር ሽምጥ ይወጣል። እዚህ ላይ ግን ፍርዱ ቀላል አይደለም። የቡድን ጓደኛው ከፊት አምልጦ ከሆነ አለመጎተት ሥራው ነው፣ የራሱን ሰው አያሳድድም። አቅሙ ያለቀ ሰውም በግልጽ «አልችልም» ብሎ መለጠፍ ይችላል፣ ነገር ግን ስፕሪንት (የመጨረሻው ሽምጥ) ውስጥ አይገባም። ነውሩ «ደክሞኛል» ብሎ አስመስሎ፣ በመጨረሻ ትኩስ እግር ይዞ መውጣት ነው። እንደዚያ ያሸነፈ ሰው የሚቀጥለው ሳምንት ሲያመልጥ አብሮት የሚጎትት አያገኝም። ፔሎቶን ሒሳብ አይረሳም።

በሰው መከራ ላይ ማጥቃት

ማጥቃት የሚባለው ድንገት ፈጥኖ ከሌሎቹ ለማምለጥ መሞከር ነው። እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም የብስክሌት ዓለም እስካሁን የሚጨቃጨቅበት ነው።

በ2010 በቱር ደ ፍራንስ 15ኛ ቀን፣ ፖርት ደ ባሌስ በሚባለው የፒሬኔ ዳገት ላይ፣ የውድድሩን መሪ ቢጫ ማሊያ የለበሰው አንዲ ሽሌክ ሊያጠቃ ሲነሳ ካቴናው ወለቀ። ወርዶ በእጁ ሲታገል አልቤርቶ ኮንታዶር አልፎት ሄደ። ሽሌክ ያን ቀን ጠዋት በጠቅላላ ውጤት 31 ሰከንድ ይቀድም ነበር፤ ማታ ላይ በ8 ሰከንድ ተቀደመ። ኮንታዶር መድረክ ላይ ወጥቶ ቢጫውን ሲለብስ ከሕዝቡ መሃል ጩኸት ተሰማበት፣ በዚያው ምሽትም በቪዲዮ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያ ቀን ያገኘው 39 ሰከንድ ነበር። ፓሪስ ሲገቡ በመካከላቸው የነበረው ልዩነትም ልክ 39 ሰከንድ ሆነ። በኋላ በ2012 ድሉ በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ተነጥቆ ለሽሌክ ተሰጥቷል። ሰው የሚያወራው ግን ስለ ካቴናዋ ነው።

በ2022 በዚሁ ቱር ደግሞ ሌላ ታየ። ከስፓንዴል ቁልቁለት ላይ ታዴ ፖጋቻር ቢጫ ለባሹን ዮናስ ቪንጌጎርን ደጋግሞ ሲያስጨንቀው ነበር። ቪንጌጎር ራሱ ለመውደቅ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ተረፈ። ትንሽ ቆይቶ ፖጋቻር ጠጠር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ቪንጌጎር ዞር ብሎ አየ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ጠበቀው። ፖጋቻር ሲደርስ እጁን ዘረጋለት፣ ተጨባበጡ። ከዚያ ኦታካም ዳገት ላይ ቪንጌጎር ከ1 ደቂቃ በላይ ጥሎት ሄደ። መጠበቁ ምንም አላሳጣውም፣ ማሸነፉም ምንም ነውር አልነበረበትም።

ታዲያ ሁልጊዜ መጠበቅ ግዴታ ነው? አይደለም። በ2017 ጂሮ ዲ ኢታሊያ የመሪውን ሮዝ ማሊያ የለበሰው ቶም ዱሙላን ከመጨረሻው ትልቅ ዳገት በፊት ሆዱ ተበላሽቶ መንገድ ዳር ለመቀመጥ ወረደ። ከፊት ያሉት ፍልሚያ ውስጥ ነበሩ፣ አልጠበቁትም። ከ2 ደቂቃ በላይ አጣ፣ በመጨረሻ ግን ጂሮውን ራሱ ወሰደው። እኔ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ብዙዎች የሚይዙት ልማድ እንዲህ ነው፤ ፉክክሩ አስቀድሞ ከተጀመረ ውድድሩ ይቀጥላል፣ የሰውዬውን መውደቅ ወይም የካቴናውን መውለቅ አይቶ ከዚያ ማጥቃት ግን ነውር ነው። ልዩነቱ የሰከንዶች ነው። ለዚህም ነው ጭቅጭቁ የማያልቀው።

ሽንት ላይም ሕጉ ይኸው ነው። ረጅም ውድድር ላይ መሪው ዳር ሲይዝ ብዙዎች አብረው ይወርዳሉ፣ በዚያ ሰዓት የሚያመልጥ ሰው ስሙ ይጠፋል። ምግብ በሚታደልበት ቦታ ማጥቃትም እንዲሁ። ሰው ፊት መሽናት ግን ዳኞችም በገንዘብ ይቀጡበታል። ልምምድ ላይ ያላችሁም እባካችሁ፣ የሰው አጥርና የቤተ ክርስቲያን ግንብ ተዉ።

ስፕሪንት ላይ መስመር መልቀቅ

አጭር ነው፤ አይደረግም። በነሐሴ 2020 በፖላንድ ቱር ዲላን ግሩነቬገን መስመሩን ለቅቆ ፋቢዮ ያኮብሰንን ከአጥሩ ጋር አጋጨው። ያኮብሰን ለሞት ተቃርቦ ነበር፣ ግሩነቬገን 9 ወር ታገደ። የሰፈር ውድድር ላይ ደግሞ ዳኛም አምቡላንስም ላይኖር ይችላል።

ቆሻሻ መወርወር

የጄል (እየጋለቡ የሚበላ የጉልበት ምግብ) ላስቲክ በማሊያ ኪስ ይገባል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ውሃ መያዣ ላይ ግን ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ራሱ ተቸግሯል። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ መጣል ከለከለ። ሕጉ በወጣ በቀናት ውስጥ በፍላንደርስ ውድድር ሚካኤል ሼር ኮዳውን ለተመልካቾች ስለጣለ ከውድድር ተባረረ። ተመልካቹ ተናደደ፣ ሼር ራሱ በልጅነቱ ከተወዳዳሪ የተወረወረለትን ኮዳ እንደ ቅርስ ያስቀመጠ ሰው ነበር። ማኅበሩም በዚያው ወር ቅጣቱን አለዘበ። ለሕፃን ማስታወሻ መስጠትና ገደል ውስጥ መወርወር በአንድ ዓይን ሊታዩ እንደማይገባ ማን ያጣዋል።

ቁልቁለት የእኔ ነው ማለት

የተራራ ብስክሌት የራሱ ጠባይ አለው። ጠባብ የእግር መንገድ ላይ ሁለት ብስክሌት ሲገናኝ ቅድሚያ ያለው ዳገት የሚወጣው ነው። ቁልቁል የሚመጣው ሞቅ ብሎታል፣ መቆም አይፈልግም፣ ይገባኛል። ግን እሱ ቆሞ መልሶ መነሳት ይችላል፣ ዳገት ላይ የቆመ ሰው ግን አፈርና ሥር ላይ እንደገና መነሳት ጭንቅ ነው። እግረኛና እንስሳ ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማሉ።

እንጦጦን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በባሕር ዛፍ መሃል፣ ልምምድ ላይ ያለ ሯጭ አለ፣ ጭነት ያለው አህያ አለ፣ ከወገቧ በላይ እንጨት ተሸክማ ጎንበስ ብላ የምትወርድ እናት አለች። እሷ ወደ ኋላ ዞራ ማየት አትችልም። ከኋላ በፍጥነት መጥቶ ፍሬን ሲጥ ማድረግ ማስደንገጥ ብቻ አይደለም፣ ሸክሙ ሚዛኗን ይጥላታል። ከሩቅ «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ» ማለት ከደወል ይሻላል። ድምፁ ሰው እንደሚመጣ ይነግራታል፣ ከየት በኩል እንደሆነም ይነግራታል። አህያ ካለ ቀስ ብሎ፣ አስፈላጊ ከሆነ ወርዶ ማለፍ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁም ሄይንስ ፖይንት ላይ ዓሣ አጥማጁና ሕፃን ጋሪ የሚገፋው ሰው ውድድር ላይ መሆናችሁን አያውቁም። ስትራቫ በሚባለው ጉዞ የሚመዘግብ መተግበሪያ ላይ ክብረ ወሰን መስበር የሚያምረው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው።

በውድድር ላይ ደግሞ የሚያልፈው «በግራ!» ወይም «በቀኝ!» ብሎ ይናገራል፣ የሚታለፈውም መጀመሪያ በተመቸው ቦታ ይለቃል። መሪዎቹ አንድ ዙር የደረሱበት ሰው መንገድ ሲዘጋ ማየት ያናድዳል። «ዞር በል!» ብሎ ከኋላው መጮህ ግን ያደናግረዋል፤ ወዴት?

ደፋር ሁሉ ባለጌ አይደለም፣ ይሄን መለየት ያስፈልጋል። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ኤላንኩር ኮረብታ ላይ ቶም ፒድኮክ ጎማው ተንፍሶ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ታግሎ ተመለሰና በመጨረሻው ዙር፣ መንገዱ በዛፍ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ፈረንሳዊው ቪክቶር ኮሬትስኪ በአንዱ በኩል ሲሄድ እሱ በሌላው ገባ። ተነካኩ፣ ፒድኮክ ወርቁን ወሰደ። የአገሬው ሕዝብ ጮኸበት። ለእኔ ግን መንገዱ ክፍት ነበር፣ ማንም አልወደቀም። ይሄ ውድድር ነው።

ዝናብ የጠገበ መንገድ ላይ መጋለብ ሌላው ችግር ነው። የክረምት ጭቃ ላይ የተተወው የጎማ ቦይ በበጋ ይደርቅና የሁሉንም ጎማ ይይዛል። ጭቃው ጎማ ላይ ከተጣበቀ መመለስ ነው።

ሌላውን ዓይነት መናቅ

የመንገድ ብስክሌተኞቹ የተራራዎቹን «ጭቃ ላይ የሚጫወቱ ልጆች» ይላሉ። የተራራዎቹ የመንገዶቹን «እግራቸውን ተላጭተው ሰላም የማይሉ» ይሏቸዋል። ፖሊን ፌራን ፕሬቮ በ2024 በተራራ ብስክሌት የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች፣ በ2025 ደግሞ የሴቶችን ቱር ደ ፍራንስ አሸነፈች። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

ከዚህ የባሰው ጀማሪን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። አሮጌ ብስክሌት ይዞ፣ ካልሲው ሱሪው ላይ ገብቶ የመጣ ልጅ ስህተት ሲሠራ አስር ሰው በአንዴ ይጮህበታል። ልጁ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ፍሬን ይይዛል። አደጋ ካለ አጭር ቃል ይበቃል፤ «ቀጥ በል!» ትምህርቱ ቡና ላይ ሲደረስ፣ ጠጋ ብሎ፣ ለብቻው ይነገረዋል። አጥፊውም እጁን ከፍ አድርጎ «ይቅርታ» ካለ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ጀማሪውም ቢሆን ሳይጠይቅ አይግባ። ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ፍጥነቱ ስንት ነው? የት የት ይቆማል? ዳገት ላይ የቀረ ሰው ይጠበቃል ወይስ በራሱ ይመለሳል? የመጨረሻው መልስ «አይጠበቅም» ከሆነ የቤታችሁን መንገድ የምታውቁበት፣ ትርፍ ካለማዳሪና ፓምፕ የያዛችሁበት ቀን ይሁን።