የጀልባው ሽንት ቤት ሽታ በመጨረሻ ለቀቀን

ወለሉን ብንፈትግም፣ መቀመጫውን ብናጥብም ንቅንቅ አላለም። ጀልባው ተዘግቶ ሰንብቶ ሲከፈትማ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነው የሚቀበለን።

ዋናው ምክንያት ሽንት ቤቱን ለማጠብ ፓምፑ ከውጭ የሚስበው የባሕር ውሃ ነበር። ውሃው የሚገባበት ቱቦ (መግቢያው ቱቦ) ውስጥ ተኝቶ ሲቀር በውስጡ ያሉት ደቃቅ ነፍሳት ሞተው ይበሰብሳሉ፣ ሽታው ከዚያ ነው። መቀመጫው ላይ ንጹሕ ውሃ መድፋት ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም እዚያ ቱቦ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ በባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ከመግቢያው ቱቦ ጋር አገናኘሁት። አሁን ከመሄዳችን በፊት የባሕሩን ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ (መዝጊያ) እዘጋለሁ፣ መታጠቢያውን በንጹሕ ውሃ እሞላለሁ፣ ከዚያ ፓምፑ ያንን ስቦ መስመሩን ሙሉ ያጥበዋል። በጣም ደስ የሚል ለውጥ ነው!

የቀረችው ትንሽ ሽታ ከአሮጌው የፍሳሽ ቱቦ ነበረች። የእናንተን ለመፈተሽ በሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቱቦው ላይ ጠቅልሉበት፣ ሲቀዘቅዝ ጨርቁን አሽትቱት። ከሸተተ ሽታው ጎማውን አልፎ እየወጣ ነው፣ ማጽዳት አያድነውም፣ በአዲስ ቀይሩት። የእኛም ተቀየረ።

አዲሱ ቱቦ ውስጥ የኖራ ቅርፊት እንዳይጋገር አልፎ አልፎ አቼቶ አሳድርበታለሁ። አደራ፣ አቼቶና በረኪና እንዳይገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ አደገኛ ነው።