መመርመሪያው ቀይ ስላሳየ ብቻ ፍላጅል አትዋጪ

አሜሪካ የምትኖር ጓደኛዬ የብልት ባክቴሪያ መመርመሪያ በኢንተርኔት አዘዘች። ናሙናውን ራሷ ወስዳ በፖስታ ላከች። ውጤቱ የመጣ ዕለት ማታ ስክሪንሹቱ በቴሌግራም ደረሰኝ። «ጋርድኔሬላ 18 በመቶ» ይላል፣ በቀይ።

«ከባለፈው የተረፈ ፍላጅል ቤት አለኝ፤ ልጀምረው?»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ባክቴሪያ ተገኘ ማለት በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም። ጋርድኔሬላ ደህና በሆኑ ሴቶችም ላይ ይኖራል። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ምንም ምልክት የሌላቸው 396 ሴቶች ተመርምረው ነበር። «ጥሩው» የሚባለው ላክቶባሲለስ ከአራት ሴቶች በአንዷ ገደማ በዝቶ አልተገኘም። በጥቁር ሴቶች ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ነው። ይህን የማታውቅ ሀበሻ ቀይ አይታ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

ሁለተኛው ስህተት ፐርሰንቱን እንደ ፈተና ውጤት ማንበብ ነው። ሐኪም «ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ነው» (ጋርድኔሬላና መሰሎቹ በዝተው የብልት ባክቴሪያ ሚዛን ሲዛባ የሚመጣው ሕመም) ለማለት አራት ነገር ያያል፦ ስስና ነጣ ያለ ፈሳሽ፣ ከ4.5 በላይ የሆነ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ፈሳሹ ላይ ኬሚካል ጠብ ሲደረግ የሚመጣ የዓሣ ሽታ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባክቴሪያ የለበሰ ሴል። ሦስቱ ከተሟሉ አለ ይባላል። የጋርድኔሬላ ፐርሰንት ከአራቱ ውስጥ የለም።

«ምንም አልተሰማኝም» ተብለው የማይታለፉም አሉ። ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ ከተገኙ ይታከማሉ፤ አጋርሽም አብሮሽ።

እርጉዝ ከሆንሽ ውጤቱ ላይ ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ የሚል ልታዪ ትችያለሽ፤ በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ሊተላለፍ የሚችል ባክቴሪያ ነው። ሽንት ውስጥ ካልተገኘ በቀር መድኃኒት ቀድሞ መዋጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት ይመረመራል፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው በምጥ ሰዓት በደም ሥር ነው።

የተረፈውን ፍላጅል በተመለከተ፣ ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የተለመደው ሕክምና 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ነው። ቤቷ የተረፈው አራት ፍሬ የትም አያደርስም። በወጉ የታከሙትም ቢሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ይመለስባቸዋል። ውስጡን በሳሙናና በዴቶል መታጠብማ ጭራሽ ያባብሰዋል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች። «ፈሳሽ? ሽታ? ማሳከክ?»

«የለም።»

ሐኪሟ ምንም ሳታዝላት ሸኘቻት። «ለመመርመሪያው ያወጣሁት ብር ነው የቆጨኝ» አለችኝ።